አውራጅና ተቀባይ

ኅዳር ሲገባ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ አልነበረም፤ የሰው ድምፅ ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ቡሉኮ ውስጥ እንደተጠቀለልኩ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ብቻውን ያወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ሃያ ሠላሳ ሰው በአንድ አፍ ይቀበለዋል። ቃሉ አይለይም። የአንዱ ድምፅ ረዘም፣ የብዙዎቹ ደግሞ አጠር ብሎ ይሰማል፤ ያ ብቻ ነው። አያቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያዳምጡና «ዛሬ ታች ሜዳው ላይ ናቸው። ጤፉ ተኝቷል፤ እጃቸው ገና አልተፍታታም» ይላሉ። ጤፉን ሳያዩት። «አባባ፣ በምን አወቁ?» ስላቸው «ጆሮ የለህም እንዴ?» ነበር መልሳቸው። የተኛ ጤፍ የሚያጭድ ሰው አገዳውን ከመሬት ፈልጎ፣ አንስቶ ነው የሚቆርጠው፤ ስለዚህ መቀበያው ይዘገያል። ይህ የገባኝ ራሴ ማጭድ ከያዝኩ በኋላ ነው።

አገራችን ምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በደጀን መካከል ያለው ሜዳ ነው። በአንድ በኩል ጮቄ ተራራ፣ በሌላው በኩል መሬቱ ድንገት ተቆርጦ የሚወርድበት የዓባይ በረሃ። ሜዳው ሰፊ፣ ዛፉም ጥቂት ስለሆነ ድምፅን የሚያግደው ነገር የለም። የጠዋቱ ድምፅ ያን ያህል የሚርቅበትን ምክንያት ያወቅኩት ግን ቆይቶ ነው፤ ከተማ ገብቼ ፊዚክስ ስማር። ሌሊቱን መሬት ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ከፍ ብሎ ያለው ግን ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ወደ ላይ የሚወጣው ድምፅ ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፁ ወደ ሰማይ ይሸሻል። መምህራችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉት እኔ የሚታየኝ የኛ ማሳ ዘፈን አውራጅ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ያ ሰው ጠዋት ጠዋት ረጅሙን፣ እየተጎተተ የሚሄደውን ዜማ ያወርዳል፤ ፀሐይ ስትከር ወደ አጭሩና ፈጠን ወዳለው ይዞራል። የጠዋቱ ለማዶ ሰው፣ የቀትሩ ለአጠገቡ ሰው ነበር ማለት ነው።

ደቦን ከወንፈል ጋር የሚያደባልቅ የከተማ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ሁለት ቀን ሠርተህልኝ ከሆነ ነገ ሁለት ቀን ቆጥሬ እመልስልሃለሁ። ደቦ ጥሪ ነው። ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን አስጋግሮ ይጠራል፤ የተጠራ ማጭዱን ስሎ ይመጣል። በኛ ሰፈር ወንፈል ላይ ብዙም አይዘፈንም ነበር፤ አራት አምስት ሰው ከዘፈኑ ይልቅ ወሬው ይጥመዋል። ደቦ ግን ያለ ዘፈን አይታሰብም። ችኮላም አለበት። የጤፍ ፍሬ ትንሽነቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም። ጤፍ አልፎ ከደረቀ ያ ኢምንት ፍሬ ነካ ባደረጉት ቁጥር ይረግፋል፤ ወቅቱን የሳተ ዝናብ ከመጣበት ደግሞ የዓመቱ ልፋት ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ማሳ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት።

አውራጁን እኛ ልጆች «አያ አውራጅ» ነበር የምንለው። ድምፁ መልካም አልነበረም። ይህን የምለው ደፍሬ ነው፤ በሰፈራችን ከሱ የተሻለ ጉሮሮ ያላቸው ቢያንስ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ አንዱ የኛው አጎት ነው። ሰርግ ቤት አውራጅ የሚሆኑት እነሱ ነበሩ። ማሳ ላይ ግን ሁሉም ዞሮ የሚያየው አያ አውራጅን ነው። እሱ ደግሞ ዞሮ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ከመጀመሩ በፊት ቀና ይላል። ሰማዩን ያያል፣ ማዶ ያለውን ገደል ያያል፣ ከማሳው ጥግ የታሰረውን በሬ ያያል፣ ከጤፉ ውስጥ ብር ብላ የተነሣችውን ድርጭት በዓይኑ ይከተላል። ከዚያ ያየውን ያወርደዋል። ጭልፊት ከላያችን ሲያንዣብብ ጭልፊቱን እንደ ዘገየ ወዳጅ ይወቅሰዋል፤ በጮቄ በኩል ደመና ብቅ ካለ ደመናውን እንደ እንግዳ ለምኖ ይሸኘዋል፣ ዛሬ ቤታችን አልተዘጋጀም ሌላ ቀን ና ብሎ። ሰው እየሳቀ ይቀበላል። ሲስቁም ማጭዱ አይቆምም።

ብዙ ቆይቼ ልብ ያልኩት ይህንን ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሲዘፈን ስለ ራሳችን የሚባለው ጥቂት ነበር። ጠሪው ይሞገሳል፣ ሰነፍ ይነካካል፣ ጠላ ቅጂዋ ዘገየች ተብላ ትታማለች፤ የቀረው ሁሉ ለሌላ ነበር። ለበሬ፣ ለጤፉ፣ ለነፋስ፣ ለፀሐይ መዘግየት። ዘፈኑ ስለ እነሱ ብቻ አልነበረም፣ ለእነሱም ነበር። ስለ ሰው ማውራትና ለሰው መናገር የተለያየ እንደሆነ ሁሉ።

እኔ ሥራዬ ውኃ ማመላለስና ቃርሚያ መልቀም ነበር። ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ጠላው ሰዉን ሞቅ አድርጎት ሳለ «እኔም ላውርድ» አልኩ። የሳቁ ሳቁ። አያ አውራጅ ግን አልሳቀም። «ተዉት፣ ያውርድ» አለ። ከአጎቴ ሬዲዮ የለመድኩትን፣ አፌ ላይ የነበረውን አንዱን ጀመርኩ። ሦስቴ ተቀበሉልኝ። በአራተኛው አንዱ ሲቀድም ሌላው ሲዘገይ ሰልፉ ተዘበራረቀ፤ ነዶው አንዱ ጋ ተከመረ፣ አንዱ ጋ ሳሳ። ከጫፍ የነበረው ሰውዬ «ኧረ እጄን!» ብሎ ማጭዱን ጣለ። አልተቆረጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

አያ አውራጅ ወደኔ ጠጋ አለ። «ዜማውስ መልካም ነው» አለኝ። «ማሳውን ግን አላየኸውም።»

«እንዴት ነው የማየው?»

«እዚህ ጋ ጤፉ ቁሟል፤ እዚያ ጋ ተኝቷል። አንተ የቆመውን ብቻ ይዘህ ሄድክ። የተኛው ላይ ያሉት እንዴት ይድረሱብህ? ቆይላቸው እንጂ።»

«መቆየት ስንት ነው?»

«ይሄን እኔ አልነግርህም፤ ጤፉ ይነግርሃል።»

ያን ጊዜ የገባኝ ስድብ መስሎ ነው። ሦስት ቀን አኩርፌ ማሳ አልሄድኩም።

ከአጨዳው ይልቅ ልቤ የቀረው ውቂያው ላይ ነው። ነዶው ተከምሮ ከደረቀ በኋላ ዐውድማ ይለቀለቃል፤ ሣሩ ተፍቆ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ እንደ ምጣድ ይሆናል። ቀን ፀሐዩ ስለሚከር ጨረቃ ስትሞላ ሌሊቱን ይበራያል። አምስት ስድስት በሬ ክቡን ይዞራል፣ ከኋላቸው አንድ ሰው ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ይከተላል፤ ሌሎቻችን ዙሪያውን ጭዱን በመንሽ እየመለስን። እዚህ ላይ አውራጅ የሚሆነው አጎቴ ነበር፤ ለበሬ የሚሆን ድምፅ ነበረው፤ ከሆድ የሚወጣ፣ ዝግ ያለ። ጅራፉን ሲያነሣ አይቼው አላውቅም። ዘፈኑ ሲዘገይ በሬዎቹ ይዘገያሉ፤ እሱ ጉሮሮውን ለማርጠብ ሲያቆም ዳልቻው በሬ ይቆማል፣ ዳልቻው ሲቆም ሌሎቹም። አንድ ሌሊት ይህን ለመፈተን ብዬ እኔና ታናሽ ወንድሜ አጎቴ ጠላውን እየጠጣ ሳለ በሱ ድምፅ ለመዝፈን ሞከርን። ዳልቻው ዞር ብሎ አየን። ንቅንቅ አላለም።

ዐውድማ ላይ የማይባል ነገር ነበር። ስንት ቁና ሆነ ተብሎ አይጠየቅም፣ አለቀ አይባልም፣ ማፏጨት ክልክል ነው። የበሬውን አፍ ማሰርም እንደ ነውር ይታይ ነበር፤ አያቴ «እየሠራ የማይበላ ማን አለ?» ይሉ ነበር። ጠዋት ለማዝራት ነፋስ ሲጠበቅ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። የኛ አገር የበጋ ነፋስ ረፋድ ላይ ነው የሚነሣው፤ የዓባይ በረሃ በፀሐይ ሲግል ሞቃቱ አየር ገደል ገደሉን ይዞ ሽቅብ ወደ ሜዳው ይወጣል። ይህንንም ያኔ አናውቀውም፤ የምናውቀው ከገደሉ በኩል የሚመጣ መሆኑን ነው። ሰዎቹ ላይዳቸውን ተደግፈው ወደዚያው ያያሉ። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ፣ አፉን ሳይከፍት ያንጎራጉራል። ሌላው ይቀበለዋል። እንዲያ እንዲያ እያሉ ሳለ ገለባው ጫፉ ላይ ይነቃነቃል። ነፋሱን እንጉርጉሮው ያመጣዋል የሚል ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሳያንጎራጉር የሚጠብቅም አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ካርል ቡኸር የተባለ ጀርመናዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1896 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራና ስለ ምት የጻፈውን መጽሐፍ ሐሳብ አንድ አስተማሪ ነገረን። ሙዚቃ የተወለደው ከሥራ ነው ይላል ሰውየው፤ ሰዎች አብረው ሲሠሩ እጃቸው እኩል እንዲወድቅ ምት ያስፈልጋቸዋል፣ ከምቱ ዘፈን ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ የገበሬ ልጅ እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሁላችንም ግን ራሳችንን ነቀነቅን፣ እውነት ስላለው። እጃችን እኩል ይወድቅ ነበር። ነገር ግን ቡኸር የቆጠረው እጅ ብቻ ነው። ዳልቻው የት ገባ? የነፋሱ ጥበቃ የት ገባ? ያን ጊዜ እጅ አንሥቼ ይህን አልጠየቅኩም። የዐውድማ ነገር በአዳራሽ ውስጥ ሲነገር ያፍር የነበረው ወጣት እኔ ነኝ።

የዘፈኑን ነገር ከማሽን በፊት ያናጋው ትእዛዝ ነው። በ1971 ዓ.ም. የአምራቾች ማኅበር መመሪያ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛም ሰፈር ደረሰ። መሬቱ ተደባለቀ፣ በሬው ተደባለቀ፣ ሥራው በነጥብ ሆነ። ሰዉ እንደ ደቦ ብዙ ሆኖ ወጣ፤ እንዲያውም ከደቦ በልጦ። ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት በድምፅ ማጉያ መዝሙር ያወርድ ነበር፤ ልጁ ክፉ አልነበረም፣ ደስ እንዲለን ነበር የሚለፋው። ተቀበልነው። ግን መዝሙሩ ሲታጨድም ሲታረምም፣ ጤፍ ላይም ባቄላ ላይም ያው ነው፤ ስለ ነገ ነው የሚያወራው። አያ አውራጅ ጫፍ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ያጭዳል። «ምነው አያ፣ አይቀበሉም?» ቢለው ወጣቱ፣ «ጆሮዬ ደከመኝ» አለው። ጆሮ ነው ያለው፣ ጉሮሮ አላለም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚው ሲታወጅ ማኅበራቱ በአንድ ሰሞን ፈረሱ፤ ሰው በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ገባ። ደቦው ተመለሰ። አያ አውራጅ ግን ያን ጊዜ አርጅቶ ነበር፣ እኔም አዲስ አበባ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤታችን ልጆች በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይዘውኝ ወጡ። በሰርኩላሩ ላይ «ከተፈጥሮ ጋር መገናኘትና የጋራ ዜማ» ይላል። ሳቅሁ፤ ደግሞም ሄድኩ። አስተባባሪዋ ልጅ ጎበዝ ናት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ከስልኳ አነበበችልን። የመዝሙር፣ የዕደ ጥበብና የድርሰት ትምህርት የጀመሩ ሰዎችን ሰባት ወር ሲከታተሉ፣ የመዝሙሮቹ ከሌሎቹ ቀድመው ነው የተቀራረቡት። አምናለሁ። እኛም ባሕር ዛፉ ሥር ክብ ሠርተን፣ ከድምፅ ማጉያዋ ጋር ስንጮህ ቆየንና አውቶቡስ ላይ ስንመለስ ተቀራርበን ነበር፤ ለሁለት ዓመት ሰላም የማይለኝ የሒሳብ ሹም ትከሻዬ ላይ ተኛ። ብቻ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። መሀል ላይ የማጉያዋ ባትሪ አለቀና ለትንሽ ጊዜ ዝም ስንል ከላያችን የባሕር ዛፉ ጫፍ ሽው አለ፤ ከባድ ነፋስ ነበር፣ ከጀመርን ጀምሮ ይነፍስ የነበረ። ማንም ቀና አላለም። እኔም ቀና ያልኩት ዝም ስላልን ነው።

ጥር ላይ አገር ቤት ሄድኩ። አጎቴ አሁን ሰማንያ ደፍነዋል፤ እኔም እንደ ድሮው አንተ አልላቸውም። ጤፉን በኪራይ የመጣ መውቂያ ማሽን እየወቃው ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ አለቀ። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል፤ አጎቴ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ጉልበቴን ብትጠይቀው ማሽኑን ይመርቃል» አሉኝ። ልጃቸውም ሦስት ሌሊት ከሚያድር ሦስት ሰዓት ቢሠራ ይሻለዋል። ትክክል ናቸው። የኔ ናፍቆት የማንንም ወገብ አያቀናም፤ ናፍቆቱ ያለው ከወገብ ሕመም ያመለጠው ሰው ጋ ነው።

ማታ ስልኬን አወጣሁና «ጋሼ፣ የበሬውን ይበሉልኝ፣ ልቅረጸው» አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጀመሩና በሁለተኛው ስንኝ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ቆሙ። «ጠፋኝ» አሉ፣ አፍረው። ነገ ይመጣልዎታል ብዬ ልተው ስል ተነሡ፤ በትራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። በሬዎቹ በረት ውስጥ እያመሰኩ ነው። ወደ አንዱ፣ ቦራ ወደሆነው ቀረቡ፤ ትከሻው ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ዘፈኑ ከየት መጣ ሳይባል መጣ፤ ያው ከሆድ የሚወጣው፣ ዝግ ያለው። ተቀባዩ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቦራው ጆሮውን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ያደርጋል። ስድስት ደቂቃ ከምናምን ቀረጽኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለልጄ አሰማኋት። ፊቷን አጨማደደች። «አባዬ፣ ነፋስ ገብቶበታል፤ የአጎትህ ድምፅ አይሰማም። ላጥራልህ?» ኮምፒውተሯ ላይ የሚያጠራ ነገር አላት። እምቢ ለማለት ቸኩዬ ነበር፤ ግን ኮፒው ላይ ነው አለችኝ፣ ዋናው አይነካም። ሠራችና በጆሮ ማዳመጫው አንዷን ጆሮ ለኔ፣ አንዷን ለራሷ አድርጋ ከፈተችው። የአጎቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በረቱ የለም፣ ማታው የለም፣ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ይመስላሉ። አንድ ስንኝ ያወርዳሉ። ከዚያ ጸጥታ። ሌላ ያወርዳሉ። እንደገና ጸጥታ፣ ይኸኛው ረዘም ይላል፣ ቀጣዩ ያጥራል።

ልጄ ማያው ላይ ያለውን መስመር በጣቷ ተከተለችው፤ ድምፁ ያለበት ያብጣል፣ ድምፅ የሌለበት ቀጥ ይላል። ጣቷን ቀጥ ካለው አንዱ ላይ አቆመች።

«እዚህ ጋ» አለች፣ «ምን እየጠበቀ ነው?»